ስለ ሠዓሊ ሙርሳል ባቢከር ሞትና ስለ ስምንቱ ማኅተሞች

ከአሶሳ የሥዕልና የጽሑፍ ሠራተኞች ማኅበር ለአባላቱ፣ ለክልሉ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችና ለሕዝብ የተሰጠ መግለጫ
አሶሳ፣ ግንቦት 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራች አባል ሠዓሊ ሙርሳል ባቢከር ሚያዝያ 14 ቀን 1995 ዓ.ም. በአርባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በዚያው ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በአሶሳ ከተማ በሙስሊሞች መካነ መቃብር ተፈጽሟል። ማኅበራችን በእኚህ ሰው ሞት የተሰማው ሀዘን ከባድ ነው። ሀዘኑ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህ መግለጫ በግማሽ ገጽ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ከሀዘኑ ጋር ንዴት አለ፤ ከንዴቱ ጋር ደግሞ እፍረት አለ። ሦስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ እንድናወጣ የማኅበሩ ሥራ አመራር በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

በቀብሩ ማግስት አንድ የክልሉ ቢሮ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «አንጋፋውንና ታላቁን ባለሙያችንን አጣን» የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። የቢሮውን ስም አንጠራም። ፈርተን እንዳይመስላችሁ፤ ስሙን ለመጻፍ የሚጠፋው ቀለም ያሳዝነናል። ያ ቢሮ ታላቁን ባለሙያ ያጣው በሚያዝያ 1995 አይደለም። በኅዳር 1992 በገዛ እጁ አውጥቶ ጥሏቸዋል። በግል ማኅደራቸው ውስጥም «ባዘጋጁት ሥዕል ግልጽ አለመሆን ምክንያት ለሕፃናት ሞት መንስኤ ሆነዋል» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል። ሟቹ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ደብዳቤ እንዲነሣላቸው። ሳይነሣ ሞቱ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሰሌዳ ላይ «ታላቁ» ብሎ መለጠፍ ይህ ነው።

ከዚህ በታች የአገልግሎት ታሪካቸውን እንደ ደንቡ በዓመተ ምሕረት እንዘረዝራለን።

ሠዓሊ ሙርሳል በ1950 ዓ.ም. ከአሶሳ ብዙ በማይርቅ የበርታ መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ቁርኣን በሚቀራበት ኸልዋ ገብተው በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀርከሃ ብዕርና በጥላሸት ቀለም መጻፍ ተማሩ። በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል። የቀርከሃውን ብዕር ግን አልተዉትም። ቢሮው ከአዲስ አበባ በሣጥን ያስመጣው ውድ ብዕር በአንድ ክረምት ሲዘጋ፣ የእሳቸው በቢላ ተቀርጾ እንደገና ይሠራ ነበር።

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወቅት ለየመንደሩ የማስተማሪያ ሥዕሎችን ሠርተዋል። አስተማሪዎቹ ፊደሉን ሲያስቆጥሩ፣ ተማሪዎቹ የሚያዩት ፊደሉን ሳይሆን ከጎኑ የተሣለችውን ፍየል መሆኑን ያስተዋሉት ያኔ ነው። ይህን ላለቆቻቸው ቢናገሩ «ፍየሏን አጥፋት» ተባሉ። ሥዕል የማይገባው ሰው ሥዕል ሲያዝ ያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የመጨረሻው እንዳልሆነ የምናውቀው እኛ ነን።

በ1987 ዓ.ም. ክልሉ ሲቋቋም በረዳት ሠዓሊነት ተቀጠሩ። ያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንድ የጽሕፈት መኪና ለሦስት ክፍል ይዞር ነበር። ወንበር ያገኘ ሰው ለስብሰባ ሲሄድ ወንበሩን ተሸክሞ ይሄድ ነበር። ማኅተም ግን አልጠፋም። ጠረጴዛ ያልነበራቸው ክፍሎች እንኳ ማኅተም ነበራቸው፤ አንዳንዶቹም የሚያትሙበት ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ በባዶ ወረቀት ላይ ይሞክሩት ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ሴት ልጆችን ትምህርት ቤት ስለመላክ አንድ በራሪ ጽሑፍ እንዲዘጋጅ ታዘዘ። በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ በሚለው ላይ ሰባት ወር ስብሰባ ተደረገ። አንዱ በአማርኛ ይሁን አለ፣ ሌላው በበርታዎቹ ቋንቋ በሩጣንኛ፣ ሌላው በጉሙዝኛ፣ ሌላው በሺናሽኛ። ሰባቱ ወር ሲያልቅ የትምህርት መመዝገቢያውም አለቀ። ሠዓሊ ሙርሳል በስምንተኛው ወር አንዲት ረጅም ጠባብ ወረቀት ይዘው መጡ። ስድስት ሥዕል አለባት፤ አንድም ቃል የለባትም። ገበያተኛው በኋላ «የሙርሳል ወረቀት» እያለ የጠራው፣ እኛ ተከታታይ የሥዕል ታሪክ የምንለው ሥራ በክልላችን የተጀመረው እንዲህ ነው። የስብሰባው ተሳታፊዎች ደስ ያላቸው እንዳይመስላችሁ። «ታዲያ ሰባት ወር ምን ስንሠራ ቆየን?» ብለው ተቆጡ። ጥያቄው ጥሩ ነበር።

ወረቀቷ ለምን ጠባብና ረጅም እንደሆነች ብዙዎች ያፌዙ ነበርና ምክንያቱን እናስረዳ። ኸልዋ የተማረ ሰው ንባብ የሚጀምረው ከቀኝ ነው። መንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ደግሞ ከግራ ይጀምራል። ምንም ያልተማረ ሰው ዓይኑ ካረፈበት ይጀምራል። አራት ሥዕል ጎን ለጎን ቢደረደር ለአንዱ ልጅቷ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ለሌላው ደግሞ ከትምህርት ቤት ተባርራ ወደ ቤት ትመለሳለች። ሠዓሊ ሙርሳል ይህን ያወቁት በቢሮ ውስጥ ተቀምጠው አይደለም። በገበያ ቀን ጆንያ አንጥፈው፣ ሥዕሎቹን ዘርግተው፣ አፋቸውን ዘግተው እየተቀመጡ ነው ያወቁት። ያለፈው ሁሉ ቆሞ ታሪኩን ይነግራቸው ነበር። እሳቸው አያርሙም፣ አያስረዱም፤ የተነገራቸውን ሰምተው ቤታቸው ሄደው ሥዕሉን ያስተካክላሉ። ከላይ ወደ ታች ሲደረድሩት ክርክሩ ሁሉ ቆመ። ከታች ወደ ላይ የሚያነብ ሰው በክልሉ ውስጥ አልተገኘም፤ ከገምጋሚ ኮሚቴው በስተቀር፣ ወደ እሱም እንደርሳለን።

በ1989 ዓ.ም. ስለ ፍየል ክትባት አንድ ታሪክ ሠርተው ነበር። አንድ ሰው ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ይሄዳል፣ ያስከትባል፣ ይመለሳል። አራት ሥዕል ነው፤ በአራቱም ላይ ፀሐይ ሥለው ነበር። ቀርከሃ የተሸከመች አንዲት ሴት ሸክሟን ሳታወርድ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አይታ «ይሄ ሰውዬ ሰነፍ ነው። አንድ ፍየል፣ አራት ቀን!» ብላ ሄደች። ገበያው ሳቀ። ሠዓሊ ሙርሳል አልሳቁም። አራት ፀሐይ ማለት አራት ቀን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥዕላቸው ሰማይ ላይ ምንም ክብ ነገር አላስቀመጡም። ጊዜን በጥላ ያሳዩ ጀመር፤ ጠዋት ጥላው ይረዝማል፣ ቀትር ላይ እግር ሥር ይገባል፣ ማታ በሌላው ወገን ይረዝማል። አንድም ሰው ከዚያ በኋላ ቀኑን ስቶ አያውቅም።

የአሠራራቸውን ሌላውን ደንብ በራሳቸው አነጋገር እንጥቀስ። «ሰው ካልገባ፣ ጥፋት የኔ ነው» ይሉ ነበር። ሰዎችን አላዋቂ ብለው አያውቁም። ይህን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙት። ኮሚቴው ምን እንዳደረገበት ከዚህ በታች ታነባላችሁ።

በ1990 ዓ.ም. ማኅበራችን ሲመሠረት የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው በእሳቸው ግቢ ነበር። የሱቅ ስም ጻፊዎችን፣ የጽሕፈት ሠራተኞችንና ጥቂት መምህራንን ሰብስበው ያለ ምንም ስስት አስተምረዋል። በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን ነገር ሰው ራሱ እንዲሞላው መተው እንዳለብን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ዛፉ ሲወድቅ አትሣሉት ይሉን ነበር፤ ቆሞ ሣሉት፣ ከዚያ ወድቆ ሣሉት፣ መውደቁን ተመልካቹ ያየዋል። ሰውየው በሁሉም ሥዕል ያው ሰውዬ መሆኑ እንዲታወቅ ደግሞ እጅጌው ላይ አንድ ቅዳጅ ስጡት ይሉን ነበር። እንዲህ ያለ ትምህርት ከዚያ በፊት ማንም አልሰጠንም፤ ከዚያም በኋላ አላገኘንም።

በግንቦት 1991 ዓ.ም. ቢሮው የሥዕል ገምጋሚ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰባት አባላት ነበሩት። ከሰባቱ ውስጥ ሥዕል መሣል የሚችል አንድም አልነበረም። ይህም እንደ ጉድለት አልተቆጠረም፤ «ለገለልተኛ ግምገማ ይጠቅማል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። የአምስቱን አባላት ስም መጥራት ስለማያስከብረን አንጠራም። የሁለቱን ግን እንጠራለን፤ የእኛው ናቸውና። አንዱ የቋንቋ አራሚ ሆነው የተመደቡት መምህር ምንያህል ናቸው፤ እሳቸው ዛሬ የማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሁለተኛዋ ቃለ ጉባኤ ያዥ የነበሩት ወይዘሮ ዘመናይ ናቸው፤ እሳቸውም የሥራ አመራራችን አባል ናቸው። ይህን መግለጫ ያረቀቀችው የማኅበሩ ጸሐፊ ሰገነት ስትሆን፣ ሁለቱም አንብበው አንድ ቃል ሳያስቀንሱ ፈርመውበታል። ይህን የምንጽፈው ልናመሰግናቸው አይደለም፤ መፈረም ልማዳቸው ነው።

በሰኔ 1991 ዓ.ም. ለኮሚቴው የቀረበው ሥራ ሕፃናትን ከተቅማጥ ስለማዳን ነበር። ክረምቱ ገብቷል፣ ጊዜ የለም። ወረቀቷ ስምንት ሥዕል አላት። በመጀመሪያው ሕፃኑ ታሟል፤ የእናትየው ጥላ ረጅም ነው፣ ጠዋት ነው። በሁለተኛው እናትየው በሦስት የለስላሳ ጠርሙስ ለክታ ውሃውን ከሕይወት አድኑ ዱቄት ጋር ትበጠብጣለች። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ሕፃኑን ባስቀመጠው ቁጥር አንድ ኩባያ ታጠጣዋለች፤ ጥላዋ አጥሮ እግሯ ሥር ይገባል፣ ከዚያም በሌላው ወገን ይረዝማል። በስምንተኛው ሕፃኑ ተነሥቶ ገንፎ ይበላል። ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ያልቃል። ሠዓሊው በሦስት የገበያ ቀን ለስልሳ አራት ሰው አሳይተውት ስልሳ አንዱ በትክክል ተርከውላቸዋል። ሦስቱ ስላልገባቸው ብቻ አምስተኛውን ሥዕል አራት ጊዜ አፍርሰው ሠርተውታል።

ኮሚቴው ግን ገበያ አይወጣም። ክብሩ አይፈቅድለትም። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ተመለከተና ግምገማውን ሰጠ። አንደኛው አባል የእናትየው ጥላ ጥቁር መሆኑ ተስፋ መቁረጥን ያንጸባርቃል አሉ። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ አምስቱም ብሔረሰቦች በባህል ልብሳቸው ለምን እንዳልታዩ ጠየቁ። ጉድ እኮ ነው! ተቅማጥ ያጣደፈው ሕፃን ራስጌ አምስት ብሔረሰብ ቆሞ እንዲጨፍርለት ፈልገው ነው። ሦስተኛው ወረቀቷ የሱቅ ደረሰኝ ትመስላለች ብለው ራሳቸው ሳቁ፤ ሌሎቹም ደንግጠው ሳቁ፣ ሰውየው የመምሪያ ኃላፊ ነበሩና። መጨረሻ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወሳኙን ሐሳብ አመጡ። አንድ ሥዕል ተቆርጦ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል በስምንቱም ሥዕሎች ላይ የቢሮው ማኅተም እንዲያርፍ። የት ላይ? ባዶ ቦታ ላይ። ባዶ ቦታው የት ነው? ሰማዩ።

ሠዓሊ ሙርሳል በስብሰባ ላይ እጅ አውጥተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ተነሡ። የተናገሩትም ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ይሄ ክብ ነገር፣ ሰማይ ላይ ካረፈ፣ ፀሐይ ይሆናል። ስምንት ክብ፣ ስምንት ቀን። ልጅ ስምንት ቀን አይጠብቅም።»

በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ደግሞ ይህ ነው፦ «ባለሙያው በማኅተሙ ላይ የሰጡት አስተያየት የአማርኛ ችሎታቸው ውስን በመሆኑ ምክንያት ለመረዳት አልተቻለም። በመሆኑም አጀንዳው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው። የትኛው አማርኛ ነው የማይገባው? አማርኛ ለሠዓሊ ሙርሳል ሁለተኛ ቋንቋቸው ነበር፤ ያም ሆኖ በአሥራ ስድስት ቃል ሕፃናት እንዳይሞቱ ተናገሩ። አማርኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰባት ሰዎች ደግሞ ጥርሳቸውን አገጠጡ። መምህር ምንያህል ነገሩ ያኔውኑ ገብቷቸው እንደነበር ለሥራ አመራሩ ተናግረዋል። «ገብቶኛል ብል ከሰብሳቢው ጋር መጋጨቴ ነው፤ እድገት እየጠበቅሁ ነበር» ብለዋል። ወይዘሮ ዘመናይም የተናገሩትን እንደሰሙት ጽፈውት ነበር። «ሰርዢው አሉኝ፣ ሰረዝኩት» ብለዋል። ከዚያ የከፋ የምንጽፍባቸው ነገር የለንም፤ ከዚያ ያነሰም አንጽፍም።

በሐምሌ 1991 ዓ.ም. ወረቀቷ አዲስ አበባ ተልካ በአራት ሺህ ቅጂ ታተመች። የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም በኅትመቱ ጥቁር ሆነ። በስምንቱም ሥዕሎች ሰማይ ላይ ዙሪያው ጥርስ ጥርስ ያለው ክብ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ኮሚቴው በጥራቱ መርካቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፏል።

በመስከረም 1992 ዓ.ም. ከአሶሳ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት መንደር ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ሞቱ። በአካባቢው የተመደቡት የጤና ረዳት ጠጂቱ ቤት ለቤት ሄደው ሲጠይቁ ዱቄቱ በሁለቱም ቤት ነበር፤ ወረቀቷም በግድግዳው ላይ ነበረች። ከሁለቱ እናቶች አንዷ ወረቀቱን አውርዳ በጣቷ ክቦቹን እየነካች አሳየቻቸው። «ይሄ አንድ ቀን። ይሄ ሁለት ቀን። ይሄ ሦስት። አንድ ቀን፣ አንድ ኩባያ። እኔ ልክ ሰጠሁ» አለች። ሕፃኗ አምስተኛው ክብ ላይ አልደረሰችም።

እናትየው አልተሳሳተችም። የታተመላትን ነው ያነበበችው። ኋላ በቢሮው መተላለፊያ ላይ «ይህ ሕዝብ ምን ያውቃል» ሲሉ የተሰሙትን ሰዎች ስማቸውን እናውቃለን፣ እነሱም እንደምናውቅ ያውቃሉ። ለእነሱ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ሴት ወረቀቷን ከላይ ወደ ታች፣ ምልክት በምልክት አንብባለች። እናንተ ግን አንድ የሦስት ዐረፍተ ነገር ንግግር መስማት አቅቷችኋል።

የጤና ረዳት ጠጂቱ ጥፋቱ የማኅተሙ መሆኑን በሁለት ገጽ ሪፖርት አደረጉ። ሪፖርቱ ለኮሚቴው ተመራ። ኮሚቴው ራሱን መርምሮ ራሱን ነጻ አወጣ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. ለሠዓሊ ሙርሳል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ባለሙያው ራሳቸው ‹ሰው ካልገባው ጥፋቱ የእኔ ነው› ሲሉ በተደጋጋሚ መደመጣቸው ጥፋታቸውን ማመናቸውን ያረጋግጣል።» ሰው የሚኖርበትን ቃል ወስዶ መልሶ ሰውየውን መምቻ ማድረግ እንዴት አስቻላቸው? ስንት ሰው ፈረመበት ብላችሁ ብትጠይቁ ሰባት ነው። የእኛዎቹም አሉበት።

ከታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሥዕል እንዳይሠሩ ታግደው የበር ጽሑፍ ጸሐፊ ተደረጉ። «በሩን ዝጉ»፣ «ባለጉዳይ ከሰኞ እስከ ረቡዕ»፣ «ስብሰባ ላይ ነን»። የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ ጽፈውታል። በክልሉ መሥሪያ ቤቶች ዛሬም ድረስ በየበሩ የምታዩት ያ ቆንጆ የቀርከሃ ብዕር ጽሑፍ የእሳቸው ነው። ስትገፉት እጃችሁ የሚያርፍበትን እወቁት።

ማስጠንቀቂያው እንዲነሣላቸው አሥራ አንድ ማመልከቻ አስገብተዋል። ለአሥሩ «ጉዳዩ የተዘጋ ነው» የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል። ከአሥራ አንደኛው ጋር ሁለት ወረቀት አያይዘው ነበር፤ አንዱ ማኅተም ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። የጠየቁትም አጭር ነበር፤ ኃላፊው ሁለቱን ወረቀቶች ለቢሯቸው የጽዳት ሠራተኛ እንዲያሳዩና ስንት ቀን እንደሆነ እንዲጠይቁ። ፖስታው ከሞቱ በኋላ በማኅደራቸው ውስጥ ተገኝቷል። አልተከፈተም።

ለምን እንዲህ አጥብቀው እንደለመኑ ያልገባቸው ሰዎች አሉ። እገዳው እንዲነሣ አልጠየቁም፣ ወደ ቀድሞ ሥራቸው መመለስም አልጠየቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዐዋጢፍ እንደነገሩን ሟቹ ያችን መንደር ማለፍ አቅቷቸው ነበር። በደብዳቤው መሠረት የሁለት ሕፃናት ገዳይ ናቸው፤ ደብዳቤው ደግሞ የመንግሥት ነው፣ ማኅተም አለበት። «እኔ አልገደልክም አልኩ። እሱ፣ ወረቀቱ ገደልክ ይላል፣ አለ» ብለውናል።

ከ1993 እስከ 1994 ዓ.ም. በዕረፍት ቀናቸው ያቺኑ የስምንት ሥዕል ወረቀት ያለ ማኅተም፣ በእጃቸው፣ አንድ በአንድ እየገለበጡ መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ ሠርተዋል። በእግራቸው እየዞሩ ከየግድግዳው የታተመውን እያወረዱ የእጃቸውን ሰቅለዋል። ይህ እገዳውን መጣስ ስለነበረ ለማንም አልተናገሩም። እኛም ያወቅነው ከጤና ረዳት ጠጂቱ ነው። መጀመሪያ የሄዱት ወደዚያችው መንደር ነበር። ወደ ሁለቱ እናቶች ቤት ገብተው ምን እንደተባባሉ ጠጂቱ አልሰሙም፤ ብቻ ሲወጡ በየቤቱ አዲሷን ወረቀት የሰቀለችው እናትየዋ ራሷ እንደነበረች አይተዋል።

በነዚህ ዓመታት ሁሉ ከማኅበራችን ስብሰባ አንድም ቀን አልቀሩም። ከመምህር ምንያህል አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ምስክርነት እንዲሰጧቸው እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀዋቸዋል። አንዱ «ትንሽ ታገሡኝ» አሉ፣ ሌላዋ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ አልጠየቋቸውም። ሻይ ሲመጣ መጀመሪያ ለምንያህል ይቀዱላቸው ነበር። አንድ ክፉ ቃል እንኳ ቢናገሩን ኖሮ ዛሬ ይቀለን ነበር። እኛም የተቀረነው አባላት ነገሩን በጭምጭምታ እናውቀው ነበር። ማኅበር ነን፣ በደብዳቤ መጠየቅ እንችል ነበር። አልጠየቅንም። የራሳችንን ሰብሳቢ ላለማስቀየም ብለን ሠዓሊያችንን ቀበርን።

ስለዚህ ሀዘናችንን የምናቀርብላቸው እነማን እንደሆኑ በጥንቃቄ ለይተናል። ለወይዘሮ ዐዋጢፍና ለልጆቻቸው፣ ለጤና ረዳት ጠጂቱ፣ በገበያ ቀን ጆንያው አጠገብ ቆመው ታሪክ ላወሩላቸው ሁሉ፣ ስማቸውን እንድንጽፍ ላልፈቀዱልን ሁለት እናቶች ከልብ መጽናናትን እንመኛለን። አላህ ይዘንላቸው፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በክብር ያኑርልን። ለገምጋሚ ኮሚቴው አባላት ግን መጽናናትን አንመኝም። ከእኛ መሀል ላሉት ሁለትም ቢሆን አንመኝም፤ እነሱም አልጠየቁም።

በመጨረሻም ማኅበራችን ከቀብሩ በኋላ ስላደረገው ነገር ሪፖርት ማቅረብ ይኖርበታል። መምህር ምንያህልና ወይዘሮ ዘመናይ ሚያዝያ 17 ቀን 1995 ዓ.ም. ሠዓሊው በስብሰባው ላይ የተናገሩትን፣ ነገሩም ገብቷቸው እንደነበር፣ ከቃለ ጉባኤውም እንዲሰረዝ መደረጉን በጽሑፍ መስክረው ፈርመዋል። ቢሮው በአራተኛው ቀን ማስጠንቀቂያውን ሰረዘ። ሦስት ዓመት ተኩል ያልተቻለው ነገር ሁለት ሰው አፉን ሲከፍት አራት ቀን በቃው። ስረዛው በደብዳቤ ተጻፈ፤ «ለአቶ ሙርሳል ባቢከር፣ ባሉበት» ይላል። የቢሮው ሰዎች ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ እንደማይጻፍ ትዝ አላላቸውም፤ ናሙናውን ገልብጠው ነው።

ደብዳቤውን መምህር ምንያህል ራሳቸው ይዘው ከሥራ አመራሩ ጋር ወደ ሟቹ ቤት ሄዱ። የማስረከቢያ መዝገቡንም ይዘን ነበር፤ ደብዳቤ የሚሰጠው ተቀባዩ ሲፈርም ነውና። ወይዘሮ ዐዋጢፍ ማንበብ ስለማይችሉ ሰገነት አነበበችላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ደብዳቤው ላይ የማን ስም እንዳለ ጠየቁ፤ ነገርናቸው። መምህር ምንያህል እስክሪብቶ አቀረቡላቸው። ወይዘሮ ዐዋጢፍ እስክሪብቶውን አልነኩትም።

«ለሱ ነው የጻፋችሁ» አሉ። «ቦታው ታውቃላችሁ። ለሱ ስጡ።»